የመርዝ ቅጠል ሻይ ላፈላልን የመስታወት አትክልት ቤት

ለተከበሩ ዶክተር ፕሬስተን ሃርግሮቭ
የባላርድ የመስታወት አትክልት ቤት ዋና ዳይሬክተር
ዳውንታውን ዴንቨር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ሆድዎ ሰላም ነው? ልብዎስ ሳይዘገይ ሳይፈጥን እንደ ወትሮው ይመታል? ይህን የምጠይቅዎት ለወጉ ያህል አይደለም፤ በእርስዎ ቤት ሻይ የቀመሰ ሰው ስለ ልቡ ቢጠየቅ ነውር የለውም ብዬ ነው። ለእርስዎም፣ ለተከበረው ቦርድዎም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ የሚታረመው ብዙ ነውና ዕድሜ ያስፈልጋችኋል።

እኔ ፈትለወርቅ እባላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከኦሮራ በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ እየመጣሁ ወለልዎን ስወለውል ስለኖርኩ፣ እርስዎ ባያውቁኝም እኔ በሚገባ አውቅዎታለሁ፤ ግራ እግርዎን ትንሽ ይጎትታሉ፣ የጨረሱትን የቡና ኩባያ ደግሞ ሁልጊዜ የሚተዉት ቁልቋሉ ሥር ነው። በመጋቢት ወር የሊባኖስን ዕፅዋትና እንስሳት የሚያሳየውን «ትንሽ ጠረፍ፣ ትልቅ ሕይወት» የተባለውን ኤግዚቢሽን ሲከፍቱ ያደረጉትን ንግግር ከመወልወያዬ ጋር ከአምዱ ጀርባ ቆሜ ሰምቻለሁ። እጅግ ያማረ ንግግር ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ያንን ጠረፍ በእግሩ የረገጠ ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከአምዱ ጀርባ የቆመው ነው።

በደቡብ ሊባኖስ፣ ሱር ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ባለች መንደር፣ ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ፓስፖርቴ በማዳም መሳቢያ ተቆልፎ ሳለ እኔ ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እወጣ ነበር፤ ምክንያቱም የማዳም አባት ኡስታዝ ሐቢብ፣ ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህር፣ ዓይናቸው ስለደከመ ክንዳቸውን ይዞ የሚያዞራቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። «ዓይንሽን አበድሪኝ፣ አፍንጫ ግን የየራሳችን ነው» ይሉኝና ያገኘነውን ቅጠል ሁሉ እንድቀነጥስ፣ እንድሰብር፣ እንዳሸት ያደርጉኝ ነበር። አንድ ቀን የጎረቤታችን አህያ ከወንዙ ዳር ተቆርጦ የደረቀ የኦሊያንደር ቅርንጫፍ በልቶ ከምሳ በፊት ሲወድቅ አየን። አረቦቹ ያንን ተክል ዲፍላ ይሉታል። ኡስታዝ ሐቢብ በዚያኑ ቀን አንድ የኦሊያንደርና አንድ ስጎ ላይ የሚጨመር የቤይ ሊፍ ቅጠል በሁለት እጄ አስይዘውኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ሁለቱ እንደ ወንድማማቾች ይመሳሰላሉ። ቤይ ሊፍ ስትሰብሪው በመዓዛው ይናገራል። ዲፍላ ዝም ይላል። ዝም የሚለውን ፍሪው፤ ልብ ያቆማል።»

ከዚያ ዲቪ ደርሶኝ ኮሎራዶ መጣሁ። ያን ትምህርት የምጠቀምበት ቀን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ለዚህ ላበቁኝ ለእርስዎ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሊባኖስ ዝግባ አመሰግናለሁ። በአዳራሹ መካከል በወርቃማ ፊደል «የሊባኖስ ዝግባ» ተብሎ የቆመው ዛፍ ጽድ ነው። ክቡርነትዎ፣ ጽድ! ያውም ከዚሁ ከተራራው ግርጌ ተነቅሎ በጭነት መኪና የመጣ የኮሎራዶ ጽድ፤ መኪናው ሲራገፍ ፍርፋሪውን የጠረግኩት እኔ ስለሆንኩ አመጣጡን አውቃለሁ። አንዳንድ እንግዶች ሥሩ ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ አይቻለሁ። ጸሎታቸው ግን ይደርሳል ብዬ አምናለሁ፤ እግዚአብሔር እንደ እናንተ ዛፍ አይሳሳትም።

ሁለተኛ፣ የባሕር ኤሊዋን ገለባ ጎዝጉዛችሁ እንደ ዶሮ እንቁላል ስላስታቀፋችኋት አመሰግናለሁ። በሱር ዳርቻ ኤሊዋ አሸዋውን ቆፍራ፣ እንቁላሏን ጥላ፣ ደፍና ወደ ባሕሯ ትመለሳለች እንጂ ቁጭ ብላ ጫጩት አትጠብቅም። ሽኮኮዋንም «የአይጥ ዘመድ» ብላችኋታል። ኡስታዝ ሐቢብ ሽኮኮ በዘር ከአይጥ ይልቅ ለዝሆን ትቀርባለች ሲሉኝ ግማሽ ቀን ስቄባቸው ነበር፤ በኋላ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። ይህን ሁሉ አይቼ ለማንም አልተናገርኩም። ጽድን ዝግባ ስላሉት የሚሞት ሰው የለም፣ ኤሊ እንቁላል ስለታቀፈችም የሚሞት የለም።

ሦስተኛው ግን ሌላ ነው።

ከምሥራቁ መስታወት ሥር ሁለት ትልልቅ የሸክላ ማሰሮዎች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። አንደኛው ላይ «ቤይ ሊፍ፣ ለምግብ የሚሆን» የሚል ጽሑፍ አለ። ሌላው ላይ «ኦሊያንደር፣ መርዝ፣ አይንኩ» ይላል፤ ዙሪያውም በሰንሰለት ታጥሯል። ኤግዚቢሽኑ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወለሉን ስወለውል ከሰንሰለቱ ውስጥ ያለው ተክል እጅጌዬን ያዘኝና አንድ ቅጠል ተሰበረ፤ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። ቤይ ሊፍ ነበር። ወደ ሌላው ዞርኩና በጓንቴ አንድ ቅጠል ሰበርኩ። ዝም አለ። ቅጠሎቹም ሦስት ሦስት ሆነው ከአንድ አንጓ የወጡ፣ ረዘም ብለው የሾሉ ነበሩ። ንጹሑን አስራችሁ ገዳዩን ፈትታችሁታል ማለት ነው።

ወዲያው ለአለቃዬ ለእንዳልክ ነገርኩት። እንዳልክ ጥሩ ልጅ ነው፤ ችግሩ ፍርሃቱ ነው። «ፈትሌ፣ እኛ ክሊን እናደርጋለን፣ ስም የሚለጥፉት እነሱ ናቸው። ለምን ትራብል ውስጥ ትከቺናለሽ?» አለኝ። እሱን ትቼ የዕፅዋት ኃላፊዋን ሚስ ካሮላይንን መንገድ ላይ ጠብቄ ሁለቱን ቅጠሎች አሳየኋት። በጣም ፈገግ አለችልኝ። ተክሎቹ የመጡት ከነባርኮዳቸው እንደሆነና ባርኮዱ ደግሞ እንደማይሳሳት አስረዳችኝ፤ ስላካፈልኳት ሐሳብም አመሰገነችኝ። እኔ ያካፈልኳት መርዝ ነበር፤ እሷ ግን ሐሳብ አደረገችው። በዚያው ሳምንት ልጄ ሔቨን እንግሊዝኛውን እያስተካከለችልኝ ለመሥሪያ ቤትዎ ኢሜይል ጻፍኩ። ሔቨን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ኦሮራ ነው የተወለደችው፤ «ማሚ፣ ዴይ ዊል ሊስን፣ ኢትስ ሴፍቲ» አለችኝ፤ የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ ይሰሙሻል ማለቷ ነው። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ፦ የኤሊ ሥዕል ያለበትና «የማወቅ ጉጉት አለኝ» የሚል ጽሑፍ የታተመበት በደረት ላይ የሚሰካ ባጅ። ስለ ባጁ ከልብ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ሚያዝያው ቅዳሜ አመሰግናለሁ። የቤተሰብ ቀን ስለነበር አዳራሹ በሕፃናት ተጨናንቋል። በምሥራቁ መስታወት ሥር «የጠረፉ መዓዛ» የሚባል ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሚስተር ጄራልድ ከቅጠላ ቅጠል ሻይ ያፈላል። ሚስተር ጄራልድ ጡረታ የወጣ የፖስታ አመላላሽ ነው፤ ያለ ደመወዝ የሚያገለግላችሁ፣ ጽዳቶቹንም በስማችን የሚጠራን ብቸኛው ሰው። መጸዳጃ ቤቱን ጨርሼ ስወጣ «ቤይ ሊፍ» ከሚለው ማሰሮ አንድ እፍኝ ቅጠል ቀንጥሶ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ሲጨምር አየሁ። አምስት ዓመት የሚሆናት ሕፃን፣ ከአያቷ ጋር የመጣች፣ ትንሿን ኩባያ በሁለት እጇ ይዛ ወደ አፏ እያስጠጋች ነበር።

ክቡርነትዎ፣ በዚያች ሰዓት እንግሊዝኛዬ የት እንደሄደ አላውቅም። «አትጠጪ! አትጠጪ! ጣይው!» እያልኩ በአማርኛ ጮህኩ፤ ሮጬ ኩባያውን ከእጇ መነጨቅኩ። ማንቆርቆሪያውንም አንስቼ መወልወያ ባልዲዬ ውስጥ ገለበጥኩት። ሕፃኗ ጮኻ አለቀሰች። አያቷ «ሴትዮ፣ አብደሻል ወይ?» የሚል ዓይን አወጡብኝ፤ በአፋቸው የተናገሩትን እንኳ ብተወው ይሻላል። እኔ የሕፃኗን ከንፈር እያየሁ ነበር። ደረቅ ነበር። አልቀመሰችም።

ሚስተር ጄራልድ ግን እንግዶቹን ለማደፋፈር ከጠዋት ጀምሮ ከየማንቆርቆሪያው ፉት ሲል ነበር የዋለው። «ፌትል፣ ምን ሆንሽ?» ብሎ ሊጠይቀኝ ቀና ሲል ፊቱ እንደ አመድ ነጣ፤ ጠረጴዛውን ደግፎ አስታወከ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «ብርሃኑ ሁሉ ቢጫ ሆነብኝ» አለኝ። እጁን ያዝኩት፤ የልቡ ምት በጣቴ ሥር ቆም፣ ቆም ይላል።

የአምቡላንስ ባለሙያዎቹ ሲደርሱ ከዚያው ማሰሮ የቀነጠስኩትን ቅርንጫፍ በጓንት ጠቅልዬ ሰጠኋቸውና «ኦሊያንደር ነው፣ ልብ ነው» አልኳቸው። ሚስ ካሮላይን ከኋላዬ «አይደለም፣ ቤይ ሊፍ ነው፤ ይበላል» አለች። አንዱ ወጣት የአምቡላንስ ባለሙያ አንድ ጊዜ እሷን በነጭ ካፖርቷ፣ አንድ ጊዜ እኔን ከነባልዲዬ ተመለከተና ቅርንጫፉን ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተ። እሱን የወለደች እናት ትባረክ! ሆስፒታሉ ደሙን መርምሮ ያልኩትን አገኘ፤ ማርከሻውንም ቶሎ ሰጡት። ሐኪሙ ለሚስተር ጄራልድ ልጅ «ስሙን ባናውቅ ኖሮ ቀኑ ይመሽብን ነበር» ብሏታል።

መሥሪያ ቤትዎም በበኩሉ አልዘነጋኝም። ሰኞ ዕለት አንድ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ በእንግዳ አጠገብ ትኩስ ፈሳሽ በመድፋት፣ በማይታወቅ ቋንቋ በመጮህና ከሥራ ድርሻዬ ውጪ በሕክምና ጉዳይ በመናገር ለሁለት ሳምንት ታግጄያለሁ። አማርኛን «የማይታወቅ ቋንቋ» ስላላችሁትም አመሰግናለሁ፤ ግማሹ የጽዳት ሠራተኛችሁ ተጠርቶ የሚታዘዘው በዚሁ በማይታወቀው ቋንቋ ነው።

አምስተኛውን ምስጋና ስጽፍ እጄ ትንሽ ይከብደኛል።

ሆስፒታሉ «ኦሊያንደር» ብሎ ሲጽፍላችሁ፣ የተከበረው ኮሚቴዎ ተሰብስቦ ሲመክር፣ የደረሰበት ውሳኔ ምን ነበር? ስሞቹ ተቀያይረው ይሆን ብሎ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም። ሚስተር ጄራልድ በእርጅና ምክንያት ሰንሰለቱን ተሻግሮ ከመርዙ ማሰሮ ቀንጥሷል ብላችሁ ጻፋችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደብዳቤ ከሰው በር ያላሳሳተውን ሰው፣ ገና ከአልጋ ሳይነሣ፣ ማንበብ የማይችል ሽማግሌ አደረጋችሁት። ከዚያም «ኦሊያንደር» የተጻፈበትን ማሰሮ አውጥታችሁ ጣላችሁ።

እገዳዬን ጨርሼ የተመለስኩት የትምህርት ቤት ጉብኝት በነበረበት ሰኞ ነው። ቆሻሻ ልደፋ ወደ ኋላ በር ስወጣ፣ ከቆሻሻው ገንዳ አጠገብ፣ በቀይ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ «መርዝ» የተጻፈበት ምስኪን ቤይ ሊፍ ወድቋል። ሽታው እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ይጣራል። መወልወያዬን ጥዬ፣ ከሱ አንድ ቅርንጫፍ ቀንጥሼ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። ኦሊያንደሩ በቦታው አለ። ሰንሰለት የለውም። «ለምግብ የሚሆን» ይላል። የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ተሰልፈው ቅጠሉን እየዳሰሱ ያልፋሉ።

እንዳልክን ፈለግኩት፣ ስብሰባ ላይ ነበር። የሚስ ካሮላይን ቢሮ ተዘግቷል። ስለዚህ እጄን ዘርግቼ በማሰሮውና በልጆቹ መካከል ቆምኩ፣ አልነቃነቅም አልኩ። አስተማሪዋ ጥበቃ ጠራች። የመጡት ጋሽ ጣሰው ናቸው። ጋሽ ጣሰው ከሌክውድ የሚመጡ፣ ስድሳ ዓመት የሞላቸው፣ ከሰው ጋር ሲጣሉ አይቻቸው የማላውቅ ሰው ናቸው።

«ፈትሌ፣ ልጄ፣ ከዚህ እንዳወጣሽ ታዝዣለሁ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አስወጡኝ። መጀመሪያ ግን እነዚህን ያሽትቱልኝ» አልኳቸውና ከውጭ ያመጣሁትን ቅጠል ሰብሬ ሰጠኋቸው።

አሸተቱት። «ይሄማ የስጎ ሽታ ነው! ባለቤቴ ስፓጌቲ ላይ የምትጨምረው።»

«ይሄን ነው መርዝ ነው ብለው የጣሉት። አሁን ይሄኛውን።» ከማሰሮው የሰበርኩትን በጓንቴ አስጠጋሁላቸው።

ደግመው አሸተቱት። «ይሄ ምንም አይሸትም» አሉ ቀስ ብለው። ልጆቹን አዩ፤ እኔን አዩ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«በልጄ እምላለሁ።»

ጋሽ ጣሰው ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ሬዲዮናቸውን ከወገባቸው አወጡና «አዳራሽ ሦስት፣ ሃዛርድ፣ እየዘጋሁ ነው» አሉ። ከዚያ ያንን ሁሉ ሕፃን አንድ በአንድ ቆጥረው አስወጡ፣ ሁሉንም እጃቸውን አስታጠቡ፣ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጥቶ እንዲከፍቱ ቢያዛቸው «እሳት አደጋ ይምጣና ይክፈተው» ብለው ንቅንቅ አላሉም። በኋላ ከዩኒቨርሲቲ የተጠራችው የዕፅዋት ባለሙያ ከማሰሮው ፊት የቆመችው ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ቅጠሉን አየች፣ ጽሑፉን አነበበች፣ ከዚያ «ማነው ይህን የለጠፈው?» ብላ ጠየቀች። ከመካከላችሁ አንድም ሰው አለመመለሱን እኔም ጋሽ ጣሰውም እናስታውሳለን።

በማግስቱ ያወጡትን መግለጫ አነበብኩ። «በተቋማችን ንቃት አደጋው ሳይደርስ ተወግዷል» ይላል። የተቋምዎ ንቃት ደግሞ ሁለት ደብዳቤ ደረሰው። እኔ «ከቆሻሻ ገንዳ ንብረት በማንሣት» ተሰናብቻለሁ። ጋሽ ጣሰው «ያለ ኃላፊ ፈቃድ አዳራሽ በመዝጋት» ታግደው ይኸው ሦስተኛ ወራቸውን ይዘዋል።

ክቡርነትዎ፣ ስለ እኔ አይጨነቁ። ኦሮራ ውስጥ ችግኝ የሚያፈላ አንድ ሰው ቀጥሮኛል፤ እኔ ሰብሬ ሳላሸት አንድም ስም አይለጠፍም። ሚስተር ጄራልድ ከሆስፒታል ወጥቶ ድኗል። ሐሙስ ሐሙስ በትር ይዞ ይመጣል፣ በሳንድ ክሪክ ወንዝ ዳር አብረን እንዞራለን፤ «የጠጣሁትን ነገር ልወቀው፣ የማልጠጣውንም አስተምሪኝ» አለኝ። እንደ በፊቱ ቶሎ ቶሎ አይራመድም። ስለ ሰንሰለቱ የጻፋችሁበትን ሲያነሣ ድምፁ ይሰበራል፤ ከመርዙ ይልቅ ያ ቃል ነው የጎዳው። የሕፃኗ አያትም ነገሩን ሲሰሙ የጻፉብኝን ክስ አንስተው ቤቴ ድረስ መጥተው አቅፈውኝ አልቅሰዋል።

እኔም አንዳንድ ጊዜ ኩባያው ከአፏ ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው ዓይኔ ላይ ይመጣብኛል። ሳህን እያጠብኩ እጄ ይቆማል። ያን ቀን መጸዳጃ ቤቱን ሁለት ጊዜ ወልውዬው ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ሔቨን ትመጣና «ማሚ፣ ዩ ሜድ ኢት» ትለኛለች። አዎ፣ ደርሻለሁ። ግን ሕፃናቱ የዳኑት ጽዳቷ ስለሮጠች መሆን አልነበረበትም።

ስለዚህ ምስጋናዬን እዚህ ላይ ገትቼ ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። ሚስተር ጄራልድ በትክክል እንዳነበበ፣ የተሳሳተው ጽሑፉ እንደሆነ፣ በእጅዎ ፈርመው ይጻፉለት። ጋሽ ጣሰውንም ወደ ሥራቸው ይመልሷቸው። የባለቤታቸው የኩላሊት ሕክምና በእናንተ ኢንሹራንስ ነው፤ እገዳው ሦስት ወር ከሞላ ይቋረጣል። ሦስት ወር ሊሞላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ጋሽ ጣሰው ራሳቸው አይለምኑዎትም፤ «የሠራሁትን ሠርቻለሁ» ብለው ዝም ብለዋል። እኔ ግን ዝም አልልም።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ወይም ሌላ ሰው አንብቦልዎ ከሆነ በትዕግሥት ስላደመጡ፣ ወለልዎን ለስድስት ዓመት እንዳንጸባረቅኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞ ሠራተኛዎ፣ የማወቅ ጉጉት ባጅ ተሸላሚ፣ በማይታወቅ ቋንቋ ጯኺ
ፈትለወርቅ
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ማን ይተርጉምልኝ ብለው እንዳይቸገሩ፤ በሕንጻዎ ውስጥ አማርኛ አጥርተው የሚያነቡ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ። ጠዋት በኋላ በር ይገባሉ። እርስዎ ሲያልፉ ግድግዳውን ተጠግተው መንገድ ይለቁልዎታል። እንዲያነቡልዎት ከፈለጉ ግን መጀመሪያ ስማቸውን ይጠይቋቸው፤ ስድስት ዓመት ያህል ሲጠብቁዎት ነበር።